ሰባቱ የጋሽ በለጠ ጥርሶች

ተኽላይ ለቅሶ ደርሶ አርብ ጠዋት ወደ ሥራው ሲመለስ የጋሽ በለጠ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ጠበቀው። ካርዱ ላይ የሌላ ሰው ጽሑፍ ነበረበት። ጽሑፉ ቀጥ ያለና የሚነበብ ስለሆነ የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። በዚያ ክሊኒክ ውስጥ የሚነበብ ነገር የምትጽፈው ዶክተር ሜቲ ብቻ ናት።

«የአፍ ድርቀት» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፦ «የታችኞቹን ጥርሶች መንቀሉ ለጊዜው ይቆይ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘው ይምጡ።»

ተኽላይ ቆሞ አነበበው፤ ተቀምጦም አነበበው። «ይቆይ» የምትለዋ ቃል ናት ያንገበገበችው። ጥርሶቹ እንዲነቀሉ የወሰነው እሱ ነው፤ ለማክሰኞ ቀጠሮ የሰጠው እሱ ነው፤ ሰውየውም የእሱ ታካሚ ናቸው። አንድ ቀን፣ አንዲት ሐሙስ፣ የአጎቱን ልጅ ልቀብር ብሎ ዞር ቢል የሰው ቤት ገብታ ዕቃ አዘዋውራ የሄደች ያህል ተሰማው።

ክሊኒኩ ከካዛንቺስ ወደ ኦሎምፒያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ መሸጫ በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ክፍል አለው። ክፍሎቹን የሚለያቸው ኮምፔርሳቶ ስለሆነ በአንዱ የሚነገረው በሌላው ይሰማል። ክፍል አንድ የተኽላይ ነው፤ ክፍል ሁለት ከመስከረም ወዲህ የዶክተር ሜቲ ሆኗል።

ተኽላይ የተማረው የጥርስ ቴራፒስትነት ነው። ይሁንና የሰፈሩ ሰው ለሃያ አራት ዓመት «ዶክተር ተኽላይ» ሲለው ኖሯል። መጀመሪያ ሰሞን ሊያርማቸው አስቦ ነበር፤ ግን ታካሚው ቀድሞ አፉን ስለሚከፍት ወሬው እዚያ ላይ ይቆምና እሱ ወደ ሥራው ይገባል። እንዲህ እንዲህ እያለ ለመደው። ሜቲ ስትመጣ ታዲያ ካርድ ክፍል የምትሠራው ሀኒ ሁለቱን ለመለየት ብላ እሷን «ዶክተር»፣ እሱን «ጋሼ» ማለት ጀመረች። ወር ሳይሞላ ታካሚው ሁሉ ተከተላት። ዶክተርነቱ ሳይሻር፣ ደብዳቤም ሳይደርሰው፣ እንደ ተዋሱት ጃንጥላ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

ከዚያ ታካሚዎቹ ሄዱ። ግማሾቹ ካዛንቺስ ሲፈርስ ከየቤታቸው ተነስተው ገላን የገቡ ናቸው፤ እነሱን አልተቀየመም። የቀሩት ግን ስድስት እርምጃ ርቀው ክፍል ሁለት ገቡ። ስድስቷ እርምጃ ከገላን ይልቅ ራቀችበት። ወንበሩን እየወለወለ ከኮምፔርሳቶው ማዶ የሚስቁትን ይሰማል። የጥርስ ሕክምና ላይ ሰው ምን እንደሚያስቀው ሃያ አራት ዓመት ሠርቶ አላወቀም።

ለእሱ የቀሩለት ጋሽ በለጠ ብቻ ነበሩ።

ጋሽ በለጠ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። ቤታቸው ፈርሶ ገላን ጉራ ከገቡ በኋላ እንኳ ጥርስ በታመሙ ቁጥር ሁለት ታክሲ ቀያይረው፣ መንገድ ላይ ስንቱን የጥርስ ክሊኒክ አልፈው፣ ተኽላይ ጋ ይመጣሉ። ይህን ተኽላይ ለሁሉም ሰው ነግሯል። ለሜቲ ሁለት ጊዜ ነግሯታል።

ችግሩ የሰውየው ጥርስ ነበር። ባለፉት አራት ዓመታት ጥርሳቸው ከሥሩ፣ ከድዱ ጠርዝ ላይ፣ እንደ ረጠበ ኖራ መርገፍ ያዘ። ተኽላይ ይሞላል፤ ከሙሌቱ ጎን አዲስ ቀዳዳ ይከፈታል። እሱንም ይሞላል። አምስቱ መዳን አልቻሉም ብሎ ነቀላቸው። ከታች ሰባት ቀሩ፤ እነሱም የሚቆዩ አልመሰለውም። ሰባቱንም አውጥቶ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊሠራላቸው ወስኗል። ምክንያቱን ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቀዋል፤ ከረሜላ ነው። የጋሽ በለጠ ኮት ኪስ ከረሜላ አጥቶ አያውቅም። ተኽላይ በመጡ ቁጥር ይቆጣቸዋል፣ እሳቸውም በመጡ ቁጥር ትቻለሁ ይላሉ፣ ሲነሱም ኪሳቸው ይንኮሻኮሻል።

ካርዱን ይዞ ክፍል ሁለት ገባ። ሜቲ ጓንት እያጠለቀች ነበር። የቡልጋሪያ ሰፈር ልጅ ናት፣ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሲገባ ተነስታ ቆመች። ይህም አናደደው።

«ዶክተር፣ ጋሽ በለጠ ጋ ምን አገኘሽ?» አላት።

ሐሙስ ዕለት ሙሌታቸው ተሰብሮ እንደመጡ፣ ለማየት የአፍ መስታወቱን ስታስገባ ጉንጫቸው ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ እንዳላት፣ ከምላሳቸው ሥር መጠራቀም የነበረበት ምራቅ እንደሌለ ነገረችው። ምራቅ ጥርስን የሚያጥብ፣ አሲዱን የሚያረክስ ነገር ስለሆነ እሱ ሲጠፋ ጥርስ እንዲህ ነው የሚሆነው ብላ ልትቀጥል ስትል አስቆማት።

«ሁዳዴ ነው እኮ» አለ። «የጾመ ሰው አፉ ይደርቃል። ይሄ ዩኒቨርሲቲ አይነገራችሁም መሰለኝ።»

«ይነገረናል ጋሼ» አለች በትሕትና። «ማለቴ፣ ጥርሳቸው ከድዱ ጠርዝ ነው የተበላው፤ ሙሌቶቹም በጠርዛቸው ነው የተከፈቱት። ጾም በሁለት ወር እንዲህ አያደርግም ብዬ ነው። ምናልባት ተሳስቼም ይሆናል፤ እርስዎ ነዎት የሚያውቋቸው።»

ስድብ ቢሆን ይቀለው ነበር። ካርዱን አጥፎ ወጣ።

ሀኒ ደግሞ ሳይጠይቃት ጨመረችለት። ሐሙስ ውሃ ጠፍቶ እንደነበር፣ ጋሽ በለጠ ሲጠብቁ ቆይተው ዶክተር ጋ እንደገቡ፣ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ እዚያ ውስጥ እንደቆዩ ነገረችው። «ሲወጡ ሙዳቸው ራሱ ሌላ ነበር ጋሼ፣ በቃ እየሳቁ ነው የወጡት» አለችው።

ሃምሳ ደቂቃ። እሱ ጋ ሃያ ደቂቃ ከተቀመጡ ታክሲ ሊያመልጠኝ ነው የሚሉት ሰውዬ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ውስጥ የድሮ የትምህርት ደብተሮቹን ከሻንጣ አወጣ። የሚፈልገው ሜቲ የተሳሳተችበትን ቦታ ነበር። ያገኘው ግን ስለ አፍ ድርቀት የሚያወራ አንድ ገጽ ነው። ታካሚው ምን ዓይነት ክኒን እንደሚውጥ ይጠየቅ፤ ደረቅ ዳቦ ያለ ውሃ መዋጥ ይችል እንደሆነ ይጠየቅ፤ ከተጠራጠራችሁ አንገቱን ደፍቶ፣ ሳይውጥ፣ አምስት ደቂቃ ሙሉ ምራቁን ኩባያ ውስጥ ያንጠባጥብና ይለካ ይላል። ከጤነኛ ሰው በአምስት ደቂቃ አንድ ተኩል ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ይገኛል፤ ከግማሽ ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ድርቀት ነው። ይህን ሁሉ የጻፈው እሱ ራሱ ነው፤ «ከግማሽ በታች» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል። በቀይ ያሰመረውን ልጅ ሊያስታውሰው ሞከረና አቃተው።

ቢሆንም ደስ አለው። መለኪያ ተገኘ ማለት ነው። ሜቲ «ተጣበቀብኝ» ነው ያለችው፤ እሱ ቁጥር ይዞ ይቀርባል።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ በለጠ መጡ። በአንድ እጃቸው ሃይላንድ ውሃ፣ በሌላው ጥቁር ፌስታል ይዘዋል። ጾም ቢሆንም የንስሐ አባታቸው ለክኒኑ ሲሉ ውሃ ፈቅደውላቸዋል። ተኽላይ ፌስታሉን አየ፤ ለማን እንደመጣም ገባው። ከሱ ጋር ባሳለፉት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ይዘውለት አያውቁም።

ገና ሳይቀመጡ እንደ ልማዳቸው ወደ እጅ መታጠቢያው ሄደው ተጉመጠመጡ። ይህ የተኽላይ ደንብ ነው። በሩ አጠገብ ገንዳ አስተክሎ፣ ማንም ሰው አፉን ሳይጉመጠመጥ ወንበሩ ላይ አይወጣም። ደንቡ ባይኖርም ሰው ያደርገዋል፤ በሰው አፍንጫ ሥር ያልታጠበ አፍ መክፈት ነውር ነው። ጋሽ በለጠ በተለይ ደጋግመው፣ ጉንጫቸውን ነፋ አድርገው፣ ጉሮሯቸው ድረስ ነው የሚጉመጠመጡት። ከላዩ ላይ ከሃይላንዱ አንድ ሁለቴ ተጎነጩና ተቀመጡ።

ተኽላይ የሳል ሽሮፕ መለኪያ ኩባያ ሰጣቸውና ምን እንደሚያደርጉ ነገራቸው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት አንድ ነገር ላጣራ ነው አለ። ጥርሱ ዛሬ አይነቀልም ወይ ሲሉት እሱንም ይህ ነው የሚወስነው አላቸው። አንገታቸውን ደፉ። አምስት ደቂቃ ሲሞላ በሲሪንጅ ስቦ ለካው። ሁለት ሚሊ ሊትር።

ፊቱ በራ። ሲሪንጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ከታችም ከላይም አየው። በዚያች ቅጽበት ክፍል ሁለት ዘሎ ገብቶ ሜቲ አፍንጫ ሥር ሊይዘው ፈልጎ ነበር።

«ይኸው ጋሽ በለጠ፤ ድርቀት ብሎ ነገር የለም። ምራቅዎ ሞልቷል።»

ጋሽ በለጠ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና ሲሪንጁን ተቀብለው አዩት።

«ይሄ ውሃ ነው» አሉ።

«ምራቅ ነው ጋሽ በለጠ።»

«ተኽላይ፣ እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈተና አርሜአለሁ። የተኮረጀ ነገር ሳይ አይጠፋኝም። ይሄ ከቧንቧህ የተኮረጀ ነው።»

ተኽላይ ሲሪንጁን መልሶ ተቀበላቸው።

«አሁን ተጉመጥምጬ፣ አሁን ጠጥቼ ነው ያስተፋኸኝ። ዜሮ ልትሰጠኝ ከሆነ ስጠኝ፤ ያልሠራሁትን ማርክ ግን አልወስድም። ድገመኝ።»

ሊደግሙት ተስማሙ። ተኽላይ ሃይላንዱን ወስዶ መደርደሪያው ላይ ሰቀለውና ግማሽ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ሊጠብቁ ተቀመጡ። ጋሽ በለጠ ስለ አዲሱ ሰፈራቸው፣ ስለ ታክሲው ሰልፍ ያወሩ ጀመር። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ምላሳቸው ላንቃቸውን እየለቀቀ ሲመለስ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። ሃያ ሲሞላ ድምፃቸው ወረደ። እጃቸው ሳያውቁት ወደ ኮት ኪሳቸው ገብታ ከረሜላ ይዛ ወጣች፤ ተኽላይ ሲያያቸው መልሰው ከተቱት። በኋላ ማውራቱንም ተዉት። ተኽላይ ሰውየው ዝም ብለው የሚቀመጡ፣ ብዙ የማያወሩ ሰው ናቸው ብሎ ነው የሚያውቃቸው። ታክሲው የሚያመልጣቸው ሃያ ደቂቃ ሲሞላ እንደነበር አሁን ትዝ አለው፤ ገፍቶ አላሰበበትም።

ሁለተኛው ልኬት ተጀመረ። ጋሽ በለጠ ኩባያው ላይ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት አለፈ። ኩባያው እንደ ደረቀ ነው።

ተኽላይ ጨነቀው። መናገር በልኬቱ ደንብ ክልክል ቢሆንም፣ «እስቲ ሎሚ ያስቡ ጋሽ በለጠ» አላቸው። «ለሁለት የተቆረጠ ሎሚ፤ ጨው ነስንሰውበት።»

ጋሽ በለጠ እንዳቀረቀሩ በእጃቸው ምንም የለም አሉት።

«ዶሮ ወጥ ያስቡ እንግዲህ። ሽንኩርቱ ሌሊቱን ሲቁላላ ያደረ፤ ቅቤው ከላይ የተንሳፈፈ። እንቁላሉን ለሁለት ይክፈሉት፤ ፈረሰኛዋን ይዘው እንጀራው ላይ…»

ጋሽ በለጠ ቀና አሉ። «ሰውዬ፣ ሁዳዴ ነው እኮ» አሉት።

«ለሕክምና ነው፤ እግዜር ይቅር ይለኛል» አለና ምራቁን ዋጠ። ቀጥሎም ዋጠ። የራሱ አፍ እንደ ምንጭ ሞልቶ ነበር፤ ከዶሮው ወደ ክትፎው ሲሻገር መናገር እስኪያቅተው ድረስ ሞላ። ሰዓቱ ሲደውል ኩባያው ሥር ነጭ ክር የመሰለ አረፋ ብቻ ነበረች። በሲሪንጁ ሲስበው አየር ሳበ።

ጓንቱን አጥልቆ መስታወቱን ጉንጫቸው ውስጥ አስገባ። ተጣበቀ። ሲያወጣው ፕላስተር ሲላጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ምላሳቸውን ቀና እንዲያደርጉ ነገራቸው፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ደርቆ ያብለጨልጫል። የምላሳቸው ገጽ ቀልቶ ተሰነጣጥቋል። የከንፈራቸው ማዕዘን ቆስሏል። ይህን ሁሉ ምን ጋርዶበት እንደኖረ ለማወቅ ዞር ብሎ ገንዳውን ማየት ብቻ ይበቃው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በመጡ ቁጥር አስጉመጥምጦ አስቀመጣቸው፤ አራት ዓመት ሙሉ አፋቸው ውስጥ ያየው የቧንቧ ውሃ ነው። ሜቲ ሐሙስ ያየችው ውሃ ስለጠፋ ነው። ይህን ለራሱ እንደ መከላከያ ሊያቀርበው ፈለገ፤ ግን ሲያስበው በየቀጠሮው ያስጉመጠመጣቸው እሱ ራሱ ነው።

«እስቲ ፌስታሉን ይስጡኝ» አለ።

ጋሽ በለጠ ፌስታሉን ወደ ጭናቸው ሳብ አደረጉት። «ዶክተሯ ናት አምጣ ያለችኝ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

ትንሽ አመንትተው ሰጡት። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። የደም ግፊት ክኒን አለ። ሌሊት ለሽንት እንዳይነሱ የሚያደርግ አለ። የአለርጂ አለ። አራተኛዋ ትንሽ ክኒን ናት፤ ማታ ማታ አንድ ይላል።

«ይቺስ?»

«የእንቅልፍ ናት። ሸዋአየሁ ካረፈች ጀምሮ ነው የምውጣት።»

ሸዋአየሁ ባለቤታቸው ናቸው። ካረፉ አራት ዓመታቸው ነው። ተኽላይ ቀብራቸው ላይ ነበር፤ ሳልስቱም ላይ ነበር። አራቱ ክኒኖች፣ እያንዳንዳቸው ምራቅን በየመጠናቸው የሚያደርቁ፣ የእንቅልፏ ደግሞ ከሁሉም የባሰች፣ ተሰልፈው አዩት።

«ለምን አልነገሩኝም ጋሽ በለጠ?»

«ምን ብዬ? ለጥርስ ሐኪም ስለ እንቅልፍ ምን ይወራል? አንተ “ስኳር አለብዎት?” አልከኝ፤ የለብኝም። “ግፊት አለብዎት?” አልከኝ፤ አለብኝ አልኩህ። ሌላ አልጠየቅከኝም።»

«ለእሷ ግን ነገሯት።»

ይህን ሲል ድምፁ እንደ ቀናተኛ ባል ወጣ፤ ራሱ ሰምቶ አፈረ። ጋሽ በለጠም ሰምተውታል። መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ።

«ጠየቀችኛ» አሉ። «“ሌሊት አፍዎ ደርቆ ይነሳሉ?” አለችኝ። እነሳለሁ አልኳት። “ስንት ጊዜ?” አለችኝ። ከሸዋአየሁ ወዲህ ሌሊት እንዴት እንደማድር የጠየቀኝ ሰው የለም። ልጆቼም አልጠየቁኝም። ወሬው ወሬ አመጣና ቆየሁ፤ በቃ ይኸው ነው።»

ከኮምፔርሳቶው ማዶ የሜቲ ማሽን ያፏጫል። ተኽላይ ክኒኖቹን አንድ በአንድ ወደ ፌስታሉ መለሰ። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ ቀላል ነው፦ ካርዱ ላይ «ተመርምረው ቀጠሮው ተራዝሟል» ብሎ መጻፍ። ጋሽ በለጠ የእሱ እንደሆኑ ይቆያሉ፤ እሱም ከሜቲ የሰማውን እንደራሱ አድርጎ ይሠራላቸዋል። ሰባቱ ጥርሶች ምናልባት ይተርፋሉ፣ ምናልባት አይተርፉም፤ እንደዚህ ዓይነት አፍ ከዚህ በፊት አድኖ አያውቅማ። በዚህ ሐሳብ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ቆየ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ጋሽ በለጠ ሃይላንዳቸውን ተቀብለው ሲጠጡ፣ ውሃው ጉሮሯቸው ላይ ሲወርድ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ባያይ ኖሮ ይይዘው ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ከረሜላ ይበላሉ እያልኩ ስቆጣዎት ነበር። ማለቴ፣ ከረሜላውም አለበት፤ ግን የሚበሉት አፍዎ ስለደረቀ ነው። ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

ጋሽ በለጠ የሃይላንዱን ክዳን ጥብቅ አድርገው ዘጉት።

«የነቀልካቸው አምስቱስ?»

«ሁለቱ የግድ ነበሩ።»

«ሦስቱ?»

«እንጃ፣ ጋሽ በለጠ።»

ተኽላይ ይነሳሉ፣ ይሰድቡኛል ብሎ ጠበቀ። ጋሽ በለጠ ግን ምላሳቸውን በባዶ ድዳቸው ላይ አንድ ጊዜ አዙረው፣ «እነዚህ ሰባቱን ለማን ላሳይ?» ብለው ብቻ ጠየቁት። ጥያቄው የሚያስቀይም አልነበረም፤ ሐቀኛ ጥያቄ ነበር። ከስድብ የከፋ የሆነበትም ለዚህ ነው።

ክፍል ሁለት ሰው ስለነበረ ሁለቱም ኮሪደር ላይ ወጥተው ወረፋ ያዙ። ተኽላይ በሚሠራበት ክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ሀኒ ከካርድ ክፍሏ መስኮት አንገቷን አውጥታ አየችና መልሳ አስገባች። ተራቸው ሲደርስ አብረው ገቡ።

«ልክ ነሽ ዶክተር» አለ ተኽላይ ቆሞ። «ለካሁት። ግማሽም አልሞላም፤ ምንም የለም።»

ሜቲ ዓይኗ ተከፈተ። «ለኩት? በምን ለኩት?»

«በኩባያና በሲሪንጅ።»

«እኔ እኮ አልለካሁም። መስታወቱ ሲጣበቅብኝ ገምቼ ነው የጻፍኩት። እስካሁን ለክቼም አላውቅም፤ አንድ ቀን ያሳዩኛል።»

ተኽላይ ራሱን ነቀነቀ። አለመለካቷን ግን በልቡ በጥንቃቄ አስቀመጠው፤ ለክፉ ቀን የሚሆን ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። ሜቲ የእንቅልፉን ክኒን ለሚያዙላቸው ሐኪም ደብዳቤ ጻፈች፤ አፋቸው መድረቁን፣ ጥርሳቸው በዚህ ምክንያት እየተበላ መሆኑን ገልጻ፣ የሚቀየር ከሆነ እንዲታይላቸው ጠየቀች። ጋሽ በለጠን ግን በራሳቸው እንዳያቋርጡ ሁለት ጊዜ አስማለቻቸው። ከረሜላው ቀርቶ ስኳር የሌለበት ማስቲካ ያኝኩ፤ ውሃውን በአንዴ ከመጋት ቶሎ ቶሎ ይጎንጩ፤ አልኮል ያለበትን መጉመጥመጫ ይተዉ፤ ፍሎራይዱ ከፍ ያለ የጥርስ ሳሙና ይጠቀሙ፤ ማታ ሲተኙ አፍ የሚያረጥብ ጄል ይቀቡ። ሰባቱን ጥርሶች ፍሎራይድ በሚለቅ ሙሌት እንደገና ሞላቻቸው፤ በላዩም ጥርስ የሚጠብቅ የፍሎራይድ ቫርኒሽ ቀባች፤ በየሦስት ወሩ ሊደገም ተቀጠረ። ሙሉ ሰው ሠራሹ ጥርስ ቀረ። በደረቀ ድድ ላይ አይይዝም፣ ሲበሉ እየተንሸራተተ ያቆስላቸው ነበር አለች። ተኽላይ ይህንንም ያውቀዋል፤ ካወቀው ቆይቷል፤ ግን የተናገረችው እሷ ናት።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ በለጠ ሲመጡ በክፍል አንድ በር ላይ ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም ብለው ያልፋሉ። ሰላምታቸው ሞቅ ያለ ነው። ተኽላይ ግን ሲያልፉ ጫማቸውን ነው የሚያየው።

ግንቦት ሲያልቅ ሐኪማቸው የእንቅልፏን ክኒን ቀየሩላቸው። ሰኔ ሲገባ ከኮምፔርሳቶው ማዶ ድምፃቸው ይሰማ ጀመር። ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነበር የሚያወሩት፤ የቱ ጨዋማ እንደሆነና ለምን እንደሆነ፣ ስለ ላንጋኖ ውሃ መደፍረስ፣ አንድ ጊዜ ተማሪ ይዘው ሻላ ወርደው አውቶቡስ ስለተበላሸባቸው። ሜቲ ትስቃለች። ቀጭ ቀጭ የሚለው ነገር የለም። ቃላቱ እርስ በርሳቸው ሳይጣበቁ ይወጣሉ። ተኽላይ እጁን ሳያንቀሳቅስ ሰማ። ለእሱ ስለ ሐይቅ ነግረውት አያውቁም። እሱ ጋ በተመላለሱበት አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሐይቅ አልነገሩትም። አንደበታቸው የተመለሰው እሱ በለካው ኩባያ ነው፤ የሚጠቀምበት ግን ሌላ ሰው ነው። ሰውየው በመዳናቸው ደስ ብሎታል። ደስታው ውስጥ ግን አንድ ቦታ ላይ ድንጋይ አለ፤ ሲያኝከው ያገኘዋል።

ቫርኒሹ የሚደገምበት ቀን ሜቲ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ጋሽ ተኽላይ፣ አንዴ ይዩልኝ። ሰባቱን አይቻቸዋለሁ፤ ግን ከእኔ በፊት እንዴት እንደነበሩ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ሄደ። መብራቱን አስተካክሎ ሹሉን መፈተሻ ይዞ ከዳር ጀመረ። በሐቀኝነት ለመናገር፣ የፈለገው የሜቲን ስህተት ነበር። አንድ የላላ ቦታ፣ አንድ መፈተሻው የሚሰምጥበት ጠርዝ፤ ትልቅ መሆን የለበትም። በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ በየሙሌቱ ከንፈር ላይ ጎተተው። የመጀመሪያው ጠንካራ ነው። ሁለተኛውም። መስታወቱ ጉንጫቸው ላይ ሳይጣበቅ ይንሸራተታል። ሦስተኛውም አራተኛውም እንደ ድንጋይ ናቸው። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ተስፋ ሊቆርጥ ነበር። ሰባተኛው ላይ መፈተሻውን በጣም በትንሹ ያዝ አደረገው። ደገመው። አሁንም ያዝ አደረገው።

«ይቺ ሸካራ ናት» አለ። የድሉን ድምፅ ለመደበቅ ጊዜ አላገኘም። «ሙሌቷ በደንብ አልተለሰለሰችም። ምግብ ይይዝባታል።»

ሜቲ ጎንበስ ብላ በራሷ መፈተሻ ሞከረችው። «እውነትዎን ነው» አለች። ከተቀመጠችበት ተነሳችና ክቧን ወንበር በእግሯ ወደ እሱ ገፋችለት። «ይሥሯታ።»

ጋሽ በለጠ ሁለቱን በየተራ አይተው አፋቸውን ከፈቱ።

ተኽላይ ተቀመጠ። ማለስለሻውን መርጦ ገጠመ፤ አልወደደውምና ሌላ መረጠ። ሥራው የአምስት ደቂቃ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ዶክተር ሜቲን የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ሰዓቷን እያየች ስትነጫነጭ ይሰማዋል። ሃያ አምስት ደቂቃ አስጠበቃቸው።